በገዛ ባቴ የተጣፈ ተረከዝ

የግራ እግሬን ተረከዝ ያጣሁት ዓለምን ለማዳን ስል ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ዓለም የምትባል ሴት ትመስለዋለች። አይደለችም። ከቀርከሃ፣ ከሽቦና ከአሮጌ ጋዜጣ የተሠራች፣ ቁመቷ እኔን የምታክል፣ ውቅያኖሶቿ ሰማያዊ፣ አህጉሮቿ ቀይ የተቀቡ ሉል ነበረች። የሠራኋትም እኔው ነኝ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ብዙ በማትርቅ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ናዝሬት ሲሆን እናቴ እዚያው ገበያ ውስጥ ቅቤና በርበሬ ትነግድ ነበር። ለአብዮት በዓል ሰልፍ ሁሉም መሥሪያ ቤት አንዳች ነገር ሠርቶ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ የእኛ ትምህርት ቤት ድርሻ የዓለም ወዝአደሮች አንድነት ሆነ። ወዝአደሮቹን የስፖርት አስተማሪው ከረጃጅም ተማሪዎች መካከል መረጠ። ዓለምን ግን ከእኔ ሌላ ማን ይሥራት? ክረምቱን ሙሉ ሙጫ ሳፈላ ከረምኩ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ዝናብ ጣለ። ሉሏን በትራክተር ተሳቢ ላይ አስረን፣ ተማሪዎቹን ዙሪያዋን አቁመን መንገድ ጀመርን። እኔ ከጎን በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ገመዱ በዝናቡ ላልቶ ኖሮ ተሳቢው አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ዓለም ተነቃንቃ ወደ እኔ መንከባለል ጀመረች። ጤነኛ ሰው ቢሆን ዞር ይላል። እኔ ግን የክረምት ልፋቴ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ታየኝና ሁለት እጄን ዘርግቼ ደገፍኳት። እሷን ደግፌ እንደቆምኩ ተሳቢው በጭቃው ላይ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ የኋላው ጎማም ተረከዜን ይዞ አለፈ። ወድቄ ስጮህ ሉሏ ላዬ ላይ አረፈች። ሕዝቡ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

አጥንቴ አልተሰበረም። የተረከዜ ቆዳ ግን ከነሥጋው ተገሽልጦ ከሸራ ጫማዬ ጋር ቀረ። ክሊኒክ ውስጥ ጠቅልለው፣ ሽንኩርት በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ናዝሬት ሆስፒታል አደረሱኝ። እናቴ ወሬው ገበያ ድረስ ደርሷት ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች። ፋሻው ሲፈታ ቁስሉን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችና ቀና አለች።

«ጡት አጥብቼ፣ አዝዬ ያሳደግሁትን እግር ለወረቀት ኳስ ሰጠኸው?» አለችኝ።

«ኳስ አይደለም እማዬ፤ ሉል ነው።»

«እሱን ለተማሪዎችህ አስረዳ» አለችና ቅቤ ቅቤ የሚሸት እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

ቁስሉ ለሳምንታት እየታጠበ ቢታሸግም የሚሸፍነው ነገር አልበቀለም። መሐሉ ላይ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም እናቴ የማትሰማ መስሎት፣ እንዲህ ከቀጠለ ከቁርጭምጭሚት በላይ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል ብሎ ቁስሌን ለሚያጥበው ድሬሰር ሲነግረው ሰማችው። ወንበሯን አንስታ አልጋዬና በሩ መካከል አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር መጀመሪያ እሷን ማለፍ ነበረበት።

ያዳነን አዲስ የመጣው ቀዶ ሐኪም ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ከአንዱ የተላከ፣ ጆሮው በናዝሬት ፀሐይ የተላጠ፣ ረጅምና ችኩል ሰው ነበር። አማርኛ በመሞከሩ ሁሉም ይወደዋል። የተማረው ግን ቤቱ ከምትሠራው ሴትዮ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያውቀው የሴት አማርኛ ብቻ ነው። ጺማሙንም፣ ወታደሩንም፣ ቄሱንም «አንቺ» ይላል። አማርኛው ሲያልቅበት ወደ እንግሊዝኛ ይገባል፤ ያን ጊዜ ያ ቁስሌን የሚያጥበው፣ ፊቱ የማይፈታ አንጋፋ ድሬሰር ይተረጉምለታል።

ቁስሌን አይቶ «አይዞሽ» አለኝ። ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የግራ ተረከዙን የቀኝ ባቱ ላይ ጫነ። ድሬሰሩ እንደተረጎመልኝ፣ ከቀኝ ባቴ ቆዳውን ከነሥቡ በሦስት ጎን ቆርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል፤ አራተኛው ጎን ሳይቆረጥ ይቀራል፤ የተገለጠውን ተረከዜ ላይ ይሰፋዋል። ቆዳው አዲሱ ቦታ ላይ ሥር እስኪሰድ ድረስ ደም የሚያገኘው ከባቴ ስለሆነ ሁለቱ እግሮች ተጣብቀው፣ በጄሶ ታስረው መቆየት አለባቸው። ሥር ሲሰድ ያ የቀረው ጎን ተቆርጦ እግሮቹ ይለያያሉ።

«እንዲህ ትሆኛለሽ» አለኝ፣ እንደተቆላለፈ።

እናቴ ድሬሰሩን «ለስንት ጊዜ ነው የሚያስረው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሦስት ሳምንት።»

«አይሆንም። አሥር ቀን ይበቃዋል በለው።»

ድሬሰሩ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ገበያ አይደለም» አላት።

«አንተ ንገረው እንጂ ምን ቸገረህ?»

ነገረው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም፤ ቀጥሎ ስለ ደም ሥር ረጅም ነገር ተናገረ። እናቴ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች በትዕግሥት ሰምታ ሲጨርስ «እሺ፣ ሁለት ሳምንት ይሁን፤ ቆዳውም ትንሽ ይነስ» አለች። ሐኪሙ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ በራሱ አማርኛ፣ የመጨረሻ ዋጋ እንደሚናገር ሰው እጁን ዘርግቶ «ሃያ አንድ ቀን» አላት።

እናቴ ዓይኗን አጥብባ በልቧ ስታሰላ አየኋት። ስሌቷን ስትጨርስ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ይሄስ ነጋዴ ነው» አለችኝ። «እሱ ይቁረጥህ።» ከዚያ በኋላ ስለ ሐኪሙ ክፉ የሚናገር ሰው ከእሷ ጋር ይጣላ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ አልተኛሁም። ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ሆነ። ሐኪሙ አንድ የአገሩን ዜማ በአፍንጫው እያዜመ ይቆርጣል፤ ዜማው ሲቋረጥ እኔ እደነግጣለሁ፤ ሲቀጥል እረጋጋለሁ። ባቴ ላይ የተራቆተውን ቦታ ከጭኔ በላጠው ስስ ቆዳ ሸፈነው። ስለዚህ ተረከዜ ከባቴ ተበደረ፣ ባቴ ከጭኔ ተበደረ፤ ጭኔ ደግሞ ማንም ስላልቀረለት በራሱ ይዳን ተባለ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከፋ ያቃጠለኝ እሱ ጭኔ ነበር።

ስመለስ እግሮቼ ተቆላልፈው ከጭኔ ጀምሮ በጄሶ ተገንዘዋል። ወደ ጎን መዞር የለም፤ መቀመጥ የለም። ዳሌዬን አስተካክዬ ለመተኛት ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን ብረት በአንድ እጄ መያዝ አለብኝ። ፖፖ ባስፈለገኝ ቁጥር ድሬሰሩና እናቴ ግራና ቀኝ ሆነው እንደ ቁም ሣጥን ያነሱኛል። ትናንት ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር አስተምር ነበር፤ ዛሬ ትልቁ ጭንቀቴ እናቴ ፊት ፖፖ ላይ መቀመጥ ሆነ።

ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ በተቆላለፍኩ ማግሥት ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከቡልቡላ የመጡ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከብት ነጋዴ። በሬ ጥሏቸው ጭናቸው ስለተሰበረ እግራቸው በገመድ ተሰቅሎ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ብረት ተንጠልጥሎበት ይተኛሉ። አማርኛን በኦሮምኛ ለዛ ነበር የሚናገሩት፤ ለእሳቸው ደግሞ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው።

«ጉርባ» አሉኝ፣ ልጅ ሆይ እንደማለት። «ገበያ እንደሚሄድ ፍየል ነው የጠፈሩህ።»

«ተረከዜን እየጠገኑ ነው አባባ።»

«የተጎዳው አንዱ። የታሰሩት ሁለቱ። አንደኛው ምን አጠፋ?»

እናቴ በመሐሉ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩና «አንተ ሴትዮ፣ አታልቅስ። ልጅህ ይድናል» አሏት። እናቴ እንባዋ ቆመ። በዕድሜዋ «አንተ» ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ነው በዚያ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ እኔን ሴት፣ ሽማግሌው እናቴን ወንድ አድርገውን የከረምነው። ሰው ሁሉን ይለምዳል። በሁለተኛው ሳምንት ከመኝታዬ ስነቃ ሐኪሙ «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ እንጂ የጎደለብኝ ነገር አይታየኝም።

መጀመሪያ ላይ እናቴና ሽማግሌው አይዋደዱም ነበር። እሷ የዶሮ ወጥ ይዛ ስትመጣ በአልጋዎቹ መካከል ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ትይዛለች፤ እሳቸው ደግሞ ሽታው እንኳ እንዳይነካቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የሥጋው ነገር ማንም እንዳይቀየም ሁለቱም የሚጠነቀቁበት ነው፤ ከጥንቃቄያቸው ብዛት ግን የተኳረፉ ይመስሉ ነበር። ነገሩን የለወጠው ቅቤ ነው። አንድ ቀን የሽማግሌው ልጅ ከቡልቡላ ገንፎ አምጥታ መሐሉ ላይ ቅቤ ጣል አደረገች። የእናቴ አፍንጫ ከነጠላዋ ጀርባ ብቅ አለ።

«ይሄ ቅቤ ከየት ነው?» አለች።

«ከቤታችን» አሉ ሽማግሌው።

«ላሞቹ ምን ነው የሚበሉት?»

«ሣር ነዋ። አንተ ምን ትሰጣቸዋለህ?»

እናቴ ጣቷን ዘርግታ ትንሽ ቀመሰች፤ ቅቤ ሃይማኖት የለውም። ምላሷ ላይ አቆይታ ጣሪያ እያየች አሰበች። «የሰላሌው ይሻላል» አለች። ሽማግሌው ከብረታቸው ጋር ተነቃነቁ፤ ሰላሌን ቅቤ ማን አስተማረው ሆነ። ክርክሩ እስከ መድኃኒት ሰዓት ዘለቀ፤ በማግሥቱም ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሆስፒታል ስትመጣ እኔን ትስማለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አልጋ ታዞራለች። አንድ ቀን ውሃ እንድትሰጠኝ ደጋግሜ ብጠራት «ቆይ፣ ቁም ነገር እያወራን ነው» አለችኝ።

መጣፊያው በጥሩ ሁኔታ እየያዘ ሳለ ከምሠራባት ከተማ ጠያቂዎች መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ነበሩ። ሊቀመንበሩን በከተማችን የማይፈራው አልነበረም። ካኪውን ለብሶ፣ ስኳርና ለስላሳ አስይዞ ገባ። በበዓሉ ዕለት ስለወደቅሁ ለአብዮቱ የተከፈለ መሥዋዕትነት ተብሎ ሊነገርልኝ ነው የመጣው። ጄሶውን ሲያይ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«የተጎዳው አንድ እግር ነው ተብሎ ነበር ሪፖርት የተደረገልን» አለ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«እግርም በራሽን ሆኗል» አሉ። «ለሁለት ሰው የሚሆን ስለሌለ አንዱን ከአንዱ ያብቃቁታል።»

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ሰውን ከአልጋው አስነስቶ የሚወስድ ነበር። እናቴ ዳቦ ልትቆርስ የያዘችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ ግን ሁለት ጊዜ ሳለና ኦሮምኛ እንደተነገረ፣ እሱም እንዳልገባው ሰው ሆኖ ወደ ንግግሩ ገባ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ መፈክር ለማሰማት ግራ እጁን አነሣ። ዳይሬክተሩ አነሣ። እጅ ያለው በሽተኛ ሁሉ አነሣ። ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ብረቱን የያዝኩበት እጄ ግራዬ መሆኑን ረስቼ ጨብጬ አነሣሁ።

ዳሌዬ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ጄሶው አልጋው ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል ከተሰፋው ቦታ አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ፤ ጮህኩ። ድሬሰሩ ሮጦ ደገፈኝ። ጩኸቱን ሰምቶ ሐኪሙ ከሚቀጥለው ክፍል ገባ። ጄሶውን አየ፣ የተዘረጋውን ካሜራ አየ፣ ግራ እጁ ገና ያልወረደውን ሊቀመንበር አየ።

«ማን ነሽ አንቺ?» አለው።

ሊቀመንበሩ ከኋላው የቆመች ሴት ያለች መስሎት ዞር ብሎ አየ።

«አንቺን ነው። ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ውጪ። ቶሎ ውጪ።»

ሊቀመንበሩን እንዲህ ተናግሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በሴት አንቀጽ ሲባረር ደግሞ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ ራሱም አላወቀም። ቆብ አድርጎ እንደሆነ በእጁ ፈልጎ ጭንቅላቱ ላይ አጣው፤ ከዚያ ወጣ። ዳይሬክተሩና ባለ ካሜራው ማንም ሳያዛቸው ተከተሉት። የሽማግሌው ብረት አልጋው እግር ላይ ቅጭል ቅጭል ይል ጀመር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እየሳቁ ነበር።

እኔ ለመሳቅ አልደፈርኩም። ሐኪሙ በጄሶው ላይ በከፈተው መስኮት በኩል ሲያይ የመጣፊያው አንዱ ጠርዝ ጠቁሯል። ሁለት ስፌት ፈታ፣ ትራስ ደገፈበት፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ቀለሙ ሲመለስ ጠበቀ። ሥጋው ሲጫኑት ነጥቶ ሲለቁት ከቀላ ደም አለው ማለት ነው። በየሰዓቱ ይታይ ብሎ ሄደ። የማየቱን ሥራ እናቴ ማንም ሳይሰጣት ወሰደችው። በየሰዓቱም አልጠበቀች። ቁጭ ብላ ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ ጸሎት ታደርሳለች፣ እንደገና ትጫናለች። ትንሽ ቆይቶ የሚያቃጥል ነገር ተሰማኝ፤ በማይሰማኝ መጣፊያው ላይ ሳይሆን በስፌቱ ዙሪያ። ሐኪሙ ሲመለስ እጇን ይዞ አሸተተው።

«እጅሽ በርበሬ ነው» አላት።

ከመጣ ጀምሮ አማርኛው የገጠመለት ያን ጊዜ ነበር። እናቴ አፍራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። በማግሥቱ ጠርዙ ቀላ፤ የጥፍር ያህል ብቻ ጠቁሮ ቀረና በኋላ ተቀርፎ ወደቀ። የቀረው ሁሉ ተረፈ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ በቃል መናገር አልችልም። የገዛ ሥጋዬን ቀለም በመስተዋት ሳይ ዋልኩ።

ጭንቀታችን አሁን ሌላ ሆነ። ሊቀመንበሩ ይቀየማል፤ ከተቀየመ ደግሞ ሽማግሌውን ስለ ራሽኑ፣ ድሬሰሩን ስለ ሐኪሙ፣ እኔን ስለ ሁሉም ይጠይቃል። ድሬሰሩ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ከቀናት በኋላ አመሻሽ ላይ ሊቀመንበሩ እውነትም መጣ። ብቻውን ነው፤ ካኪውን ትቶ ሹራብ ለብሷል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መሰሉ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ያ ሐኪም እግር ነው የሚያክመው?» አለኝ።

«ሌላም ያክማል፤ እግርም ጭምር።»

«ውስጥ እግሬ ላይ አንድ እብጠት ነገር አለብኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰልፍ ላይ ስቆም ይገድለኛል። ለሰው መናገር ደግሞ አይመችም።»

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ያባረረው ሰው መሆኑን ያወቀው አይመስለኝም፤ ሰውን በፊቱ ሳይሆን በእግሩ ነው የሚያስታውሰው። «ነይ፣ ተቀመጪ» አለው። «ጫማሽን አውልቂ።» ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። እብጠቱ ስር የሰደደ ኪንታሮት ነበር፤ በማግሥቱ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሰልፍም ስለ ራሽኑም ማንም የጠየቀን የለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ለሽማግሌው ብርቱካን ይዞ መጣ፤ እሳቸውም «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» ብለው መረቁት።

ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙ ያንን የቀረውን ጎን ቆረጠው። እግሮቼ ሲለያዩ የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላለኝም፤ ሁለቱም ዱላ ሆነው ነበር። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ተኝቼ ስነቃ ሳላውቀው መልሼ አቆላልፌያቸው አገኛለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆም ዓይኔ ጨለመብኝና እናቴ ትከሻ ላይ ወደቅሁ፤ እሷም ቀጥ ብላ ያዘችኝ። እንባዋ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር። ቀኝ ባቴ ላይ የቀረው ስርጉድ ደግሞ የአቢጃታን ሐይቅ ይመስላል፤ ክፍል ውስጥ ሱሪዬን ሰብስቤ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ቃጥቶኝ ትቼዋለሁ።

ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው በክራንች ወጡ። ከወጡም በኋላ የእሳቸው ቤት ቅቤ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ናዝሬት ይመጣ ጀመር። እናቴ ለደንበኞቿ የሰላሌ ነው እያለች ትሸጠው ነበር፤ ይህንን ሽማግሌው ሳይሰሙ ነው የሞቱት።

የተረከዜ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ወደ ሥራዬ በተመለስኩ በጥቂት ወራት ፀጉር አበቀለ። ባት የነበረ ቆዳ ባትነቱን አልረሳም። እናቴ ስታየው ጠበል እንሂድ አለች። እኔ ጸጉር ቆራጭ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነበር የሚሠራው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ «ጌታዬ፣ ተሳስተዋል፤ ሊስትሮው ማዶ ነው» አለኝ። ሲያየው ግን ሙያውን የሚያከብር ሰው ነበርና ሳሙና በጥብጦ፣ ምላጭ ቀይሮ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ላጨልኝ። ሲጨርስ በለመደው እጁ ኮሎኝ ረጨበት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሁድ ጺሜን ከላጨሁ በኋላ ተረከዜን እላጫለሁ።

ሐኪሙ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሊሰናበተኝ አስጠራኝ። እግሬን አገላብጦ አየ። «በጣም ጥሩ ነው። ህመም አለህ?» አለኝ። አንድ ሰው አርሞት ኖሯል። እንግዳ ሰው እንዳነጋገረኝ ሆኖ ተሰማኝ። እሱም የገባው መሰለኝ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞሽ» አለኝና ሳቀ።

ያ ተረከዝ እስከ ዛሬ ያደርሰኛል። ከሌላው ወፍራም ስለሆነ የግራ ጫማዬን ጫማ ሰፊ እያሰፋልኝ ነው የማደርገው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ መሐሉ ላይ አይሰማም። ይህንን በደንብ የተረዳሁት ካርታ ላይ ስለ ወንዞች በማስተምርበት ቀን ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ የምሰቅልባት ባለ ሰማያዊ ራስ መርፌ ወድቃ ኖሮ፣ ካርታውን ልሰቅል ጫማዬን አውልቄ ወንበር ላይ ወጥቼ ስወርድ ረግጫታለሁ። ጫማዬን መልሼ ሳላደርግ ከጥቁር ሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሰሌዳው እየተመላለስኩ አዋሽን ከምንጩ ጀምሬ ተረከሁ። ተማሪዎቼ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አያውቁም። ትምህርቱ የማረካቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አነሣች።

«ጥያቄ?» አልኳት።

«አይ ቲቸር። ተረከዝዎ ላይ መርፌ አለ። ካልሲዎ ላይ ይታያል።»

እግሬን አንስቼ አየሁት። ልክ ነች፤ እስከ ራሷ ገብታለች። ነቀልኳትና ካርታው ላይ ሰካኋት። አንድ ልጅ ከኋላ በሹክሹክታ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ሲለው ሰማሁ፤ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ክፍል ስገባ የፊት ወንበር ልጆች አስቀድመው እግሬን ያዩ ነበር። ጠጠር የገባበት የመሰላቸው ቀን «ቲቸር፣ የግራውን ያራግፉ» ይሉኛል፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አራግፌ ወደ ትምህርቱ እገባለሁ።